ሁለተኛ ድምፅ ተሰምቷል

ፎቶ ቤት ያለው ሰው የሰው እንባ ብዙም አያጋጥመውም። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ተጣጥቦ፣ ጸጉሩን ተሠርቶ፣ ኮት ከሌለው ከጎረቤት ተውሶ ነው። ካሜራው ፊት ከተቀመጠ በኋላ እንኳን ሊያለቅስ ትንፋሹንም ይውጣል፤ «ተንፍስ እንጂ ወንድሜ፣ ውሃ ውስጥ አይደለህም» ብዬ የምቀልደውም ለዚህ ነው። ዳባት ላይ በከፈትኋት በዚህች አንድ ክፍል ቤት ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ያየኋት አንዲት ሴት ብቻ ናት። የማጫውታችሁም የእሷን ነገር ነው።

በመጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ማሽን ወዳድ ነበርሁ። ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ በሄድሁ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልሁ የጫማዬን ሶል የጨረስሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንድ ነገር «በኮምፒውተር ሆነ» ሲባል ስሰማ እልል ብል ደስ ይለኝ ነበር። ማሽን የአጎት ልጅ የለውም፣ ምሳ ጋብዙኝ አይልም፣ ፊትህን አይቶ አይጠላህም እያልሁ ቡና ቤት ስከራከር የሰማኝ የዳባት ሰው ብዙ ነው።

ከፎቶ ቤቴ ጎን አንዲት ጸጉር ቤት አለች። ራህዋ የምትሠራው እዚያ ነበር። ሹሩባ ስትሠራ ጣቶቿን ዓይን አይከተላቸውም፤ ሙሽሮች ከእሷ እጅ ተነሥተው በቀጥታ ወደ እኔ ካሜራ ነው የሚመጡት። ኤርትራዊት ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የስደተኞች መጠለያ እየተመላለሰች ነበር የምትሠራው። ከዚያ በፊት የነበሩበት ሌላ መጠለያ ጦርነት ሲደርስበት እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ባሏ ተኽለ ገና ያልጠናች ልጃቸውን ሰናይትን አዝሎ ከሚሸሸው ሰው ጋር በአንድ በኩል ወጣ፤ እሷ በሌላ በኩል። እሷ ተራራውን በእግሯ አቋርጣ ደባርቅ ገባች፣ ከዚያም ወደ ዳባት መጣች። እሱ ልጅቷን ይዞ ሱዳን፣ ከሱዳን ደግሞ ስሙን የማልጠራው አንድ ቀዝቃዛ አገር ደረሰ። አገሩም አባትና ልጅን በጥገኝነት ተቀበላቸው።

ሰናይት ያኔ ገና ታዝላ የምትሄድ ነበረች፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። አንዳንድ ቀን ራህዋ ቪዲዮ ስታወራት እሰማለሁ። ልጅቷ ትግርኛው እየጠፋባት፣ የዚያን አገር ቋንቋ እየቀላቀለች ስታወራ እናትየው ያልገባትን ሁሉ «እወ፣ እወ» እያለች፣ አዎ ማለቷ ነው፣ ትስቃለች። ስልኩ ሲዘጋ ሳቋም አብሮ ይዘጋል። ተኽለ ሚስቱን ለማስመጣት ካመለከተ ቆይቶ ነበር።

በሁዳዴ አንድ ሰኞ ጠዋት ራህዋ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች።

«ጋሼ ደሳለኝ፣ መጣ! ቃለ መጠይቅ መጣልኝ!»

«እሰይ! የት ነው የምትሄጂው? አዲስ አበባ?»

«የትም አልሄድም። በስልክ ነው። ሰው አይደለም የሚጠይቀኝ፣ ማሽን ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ አነበብሁ። ሊንኩ የሚሠራው እስከ ዓርብ ማታ ነው። ማሽኑ በትግርኛ ይጠይቃል፣ ፊቷንና ድምፅዋን ይቀርጻል፣ ሲጨርስ ራሱ መዝኖ ይወስናል። ጀርባዋ ነጭ ግድግዳ ይሁን፣ ብርሃን ይኑር፣ ጫጫታ አይኑር፣ ብቻዋን ትሁን ይላል።

«ይሄ እኮ የእኔ ቤት ነው!» አልሁ። «ነጭ ግድግዳ አለ፣ መብራት አለ። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።»

«እፈራለሁ» አለች። «ሰው ቢሆን ዓይኑን አይቼ አወራው ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ቢሆን ይሻል ነበር? የሰውን አመል መች ታውቂያለሽ! ማሽን እውነቱን ከነገርሽው ሌላ ምን ይፈልጋል?»

እንዲህ ነበር ያልኋት። ራሴም አምኜበት ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ መብራት የለም። ሐሙስ መብራቱ መጣ፣ ኔትወርኩ ጠፋ። ራህዋ ሥራዋን ትታ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ የስልኳን ጫፍ ታያለች። «አደራዎን፣ ኮሶዬ ወጥተን ብንሞክር?» ትለኛለች። ኮሶዬ ከፍታ ነው፣ ኔትወርክ አይጠፋም ይባላል፤ ነገር ግን ገደል አፋፍ ላይ ነፋሱ ሰው ያደነቁራል፣ ነጭ ግድግዳስ ከየት ይመጣል? «ነገ ይመጣል» አልኋት። የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፣ ሌላ የምላት ስላልነበረኝ ነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ሁለቱም መጡ።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለው ጓሮ ቤት ነው የምትኖረው። ራህዋ እሷን «አደይ» ነው የምትላት፤ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። እናቴ በእኛ አገር አሮጌ ደንብ ያደገች ሰው ናት፤ የታመመ ሰምታ ሳትጠይቅ፣ ያዘነ ሰምታ ሳትደርስ ከቀረች እህል አይወርድላትም። በር ማንኳኳት የሚባለውን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ አልለመደችውም። ስለዚህ ሰዓቱን የመረጥሁት እሷን አስቤ ነው። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳያልፍ ከቤተ ክርስቲያን አትወጣም። ስምንት ሰዓት ላይ ከጀመርን እሷ ሳትመለስ እንጨርሳለን።

ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርን። ማሽኑ ግን ፊቷን አልቀበልም አለ። መጀመሪያ ነጠላሽን አውልቂ አለ። በሁዳዴ ራሷን መግለጥ ቢከብዳትም አወለቀች። ቀጥሎ ብርሃን በዛ አለ። አንዱን መብራት አጠፋሁ። ጨለመ አለ። መልሼ አበራሁና ከነጭ ጨርቅ ጀርባ አደረግሁት። ግንባርሽ ያብረቀርቃል አለ መሰለኝ፣ ለሙሽሮች የማደርገውን ፓውደር ቀባኋት። «ሠርግሽ መሰለኝ» ብዬ ላስቃት ሞከርሁ፤ ከንፈሯ ደርቆ ነበርና አልሳቀችም። በመጨረሻ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ባለው እንቁላል መሳይ ክብ ውስጥ ገባና ክቡ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወጥቼ የፊቱን በር ዘጋሁና ደጃፉ ላይ ቆምሁ። ሰዓቴን አላየሁም። ዘጠኝ ማለፉን ያየሁት ከሁሉም ነገር በኋላ ነው።

በሩ ስስ ነው፤ ሁሉ ይሰማል። አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ ትጠይቃለች፤ ማሽኑ መሆኑ ነው። ራህዋ ትመልሳለች። ትግርኛ ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ። የባሏን ስም፣ የሠርጋቸውን ቀን፣ የልጇን የክርስትና ስም ስትናገር ለየሁ። ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። ልቤ ሞቀ። አንድ ልጅ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ መጣ፣ በምልክት መለስሁት።

ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ራህዋ ዝም አለች። ከልጅሽ እንዴት ተለያየሽ የሚለው ነበር፤ በኋላ ነው የነገረችኝ። ልትመልስ ጀመረች፣ «ማይ» አለች፣ ውሃ ማለቷ ነው፤ ከዚያ በላይ አልወጣላትም። ለቅሶዋ ሲነሣ ሰማሁ። በአፏ ላይ እጇን የጫነች ሴት ለቅሶ ነው። የማሽኗ ድምፅ በዚያው ልስላሴ አንድ ነገር ተናገረች። ራህዋ ታለቅሳለች። ድምፅዋ ያንኑ ደገመችው። ራህዋ ታለቅሳለች። አሁንም ደገመችው። በኋላ ሳጣራ «እባክዎ ፊትዎን ወደ ክቡ መሃል ይመልሱ» ነበር የምትለው።

እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነው። ልግባ? ብቻዋን ትሁን ተብሏል። እጄን መለስሁ።

በዚያን ጊዜ ነው የጓሮው በር ሲጢጥ ሲል የሰማሁት።

ሮጬ በፊት በር ስገባ እናቴ ቀድማኛለች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ የጠበል ጠርሙሷን እንደያዘች ከራህዋ ፊት ተንበርክካለች።

«ምነው ልጄ? ምነው የኔ ዓለም? ማን ሞተብሽ? አይዞሽ! አይዞሽ!»

ራህዋ በእንባ መሃል እጇን እያወዛወዘች «አደይ፣ ይውጡ፣ እባክዎ ይውጡ» ትላለች። እናቴ የያዛት ነው የመሰላት፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ ጠበሉን ፊቷ ላይ ረጨችባት። ያ ስደክምበት የዋልሁት ፓውደር በጉንጯ ወረደ። ስልኩ ከማቆሚያው ላይ ሆኖ ያየናል። ሴትዮዋ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ስትል እናቴ ቀና ብላ ስልኩን አየችው።

«አንቺ ማነሽ? ስታለቅስ እያየሽ ምን ትነዘንዣታለሽ? ትንፋሽ ስጫት እንጂ! እናት አይደለሽም?»

«እምዬ! እምዬ ዝም በዪ፣ ሰው አይደለም!» አልኋት ትከሻዋን ይዤ።

«ሰው ካልሆነ ታዲያ ከማን ጋር ነው የምታለቅሰው?» አለችኝ።

ክቡ ቀይ ሆነ። ከዚያ ስልኩ ጠቆረ።

እናቴ የተፈጠረው ነገር አልገባትም፤ የተረፈውን ጠበል በክዳኑ ቀድታ «በይ ጠጪ፣ ይረጋልሻል» አለቻት። ራህዋ ጨለማውን ስልክ አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ክዳኑን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። እናቴ ግንባሯን ስማት ወጣች። «ማታ ሽምብራ እልክልሻለሁ» አለች በሩ ላይ ሆና።

ሊንኩን ደግመን ነካነው። አይከፈትም። እየመሸ ሳለ መልእክቱ ገባ። እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ አንብቤ ቀስ እያልሁ በአማርኛ ነገርኋት። በቃለ መጠይቁ ወቅት ሁለተኛ ሰው በክፍሉ ውስጥ ታይቷል። ሁለተኛ ድምፅ ተሰምቷል። አመልካቿ ለወሳኝ ጥያቄ በራሷ አልመለሰችም፣ ሌላ ሰው ሊመራት ሞክሯል። ስለዚህ የእናትነትና የልጅነት ዝምድናው የሚታመን ሆኖ አልተገኘም። ማመልከቻው ተዘግቷል። ይህ ውሳኔ በራስ ሰር ዘዴ የተሰጠ ነው ይላል።

«እናትነቴ አልታመነም?» አለች ራህዋ።

«እንዲህ ነው የሚለው።»

«ስላለቀስኩ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ከሥሩ «ቅሬታ ካለዎት ይህን ይጫኑ» የሚል አለ። ተጫንሁት። ምክንያትዎን ይምረጡ አለ፦ ታምሜ ነበር፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር፣ ጥያቄው አልገባኝም ነበር። አንዲት አሮጊት ለቅሶ ሰምታ ገባች የሚል ምርጫ የለም። «ሌላ» የሚለውን መረጥሁና በምችለው እንግሊዝኛ ጻፍሁ። የገባችው እናቴ ናት፣ ትግርኛ አታውቅም፣ አንድም መልስ ልትነግራት አትችልም፣ ያለቻት አይዞሽ ብቻ ነው አልሁ። አይዞሽ የሚለው ቃል እንግሊዝኛው ቸገረኝ። እኛ አገር ሰው ሲያለቅስ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው ብዬ ጨመርሁ። ቦታው አለቀብኝ፤ ያንኑ አሳጥሬ ላክሁት።

ወንበሬን ወደ ቦታው ሳልመልስ መልሱ መጣ። ቅሬታዎ ተመርምሯል፣ ውሳኔው ጸንቷል ይላል። ማን መረመረው? መቼ አነበበው? ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው አሰኝቶኝ ነበር፤ የራህዋ ስልክ ነው፣ ልጇን የምታይበት። ቀስ ብዬ አስቀመጥሁት።

ሰኞ ተኽለ እዚያ ጉዳዩን ወደሚያየው መሥሪያ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ አንዲት ወጣት አግኝቶ ሁሉን ነገራት። ወጣቷ ክፉ አልነበረችም አለን። አዳመጠችው፣ አዘነችለት። «እኔ ስክሪኔ ላይ የሚታየኝ ቀይ መሆኑ ብቻ ነው። ለምን ቀይ እንደሆነ አይታየኝም፤ ቀዩን የማጠፋበት ቁልፍም የለኝም» አለችው። እንደገና ማመልከት ይቻላል ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያም ቢሆን ይሄኛው መዝገብ አብሮ ይታያል አለችው። ተኽለ ይህን ለራህዋ በስልክ ሲነግራት ከኋላው ሰናይት «ማማ መቼ ነው?» ስትል ሁለታችንም ሰማናት። ራህዋ «እወ» አለች። ጥያቄው ገብቷት ነበር፤ ግን «እወ» ነው ያለችው።

የስልኩ ወሬ ሲያልቅ ንዴቴን የምጥልበት አጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእናቴም ተናድጄ ነበር። «ልነግራት ነው» አልሁ። «ምን እንዳደረገች ማወቅ አለባት። ነገም ሌላ ሰው ላይ ትገባለች።»

ራህዋ ክንዴን ያዘችኝ። ያን ያህል ጊዜ ሳውቃት እንዲያ ጠንክራ ስትይዘኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«አይነግሯትም፣ ጋሼ ደሳለኝ። በእመቤታችን ይዤዎታለሁ» አለችኝ። «ከልጄ ከተለየሁ ጀምሮ ስንቴ እንዳለቀስኩ ያውቃሉ? በመጠለያው ድንኳን ውስጥ፣ በመንገድ፣ በየቢሮው ደጃፍ። ሳለቅስ ሰምቶ በር ከፍቶ የገባ ሰው እሷ ብቻ ናት። ይሄን ጥፋት ነው ብለው ሊነግሯት ነው?»

አልነገርኋትም።

እናቴ ግን የጠረጠረች ይመስለኛል። አንድ ሁለት ጊዜ «ያቺ የስልኩ ሴትዮ ተቀየመች እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። «ኧረ አልተቀየመችም» እላታለሁ፤ ይቺ እንኳ እውነት ናት። ቅያሜስ ቢኖራት ሽማግሌ ይላክ ነበር። ደጅ ይጠና፣ እግር ይሳም፣ ድንጋይ ይሸከሙላት ነበር። የእኛ ሰው ከተበደለ የሚሄድበት ብዙ በር ያውቃል፤ እዚህ ግን በሩ የት እንዳለ የሚያሳየን ሰው አላገኘንም።

አንባቢዎቼ፣ ማሽን ይጥፋ የምል ሰው እንዳልመስላችሁ። ዛሬም የምኖረው በካሜራ ነው። ደግሞም የሰው ፍርደ ገምድል ስንቱን እንዳስለቀሰ አውቃለሁ፤ የእኔ ንግድ ፈቃድ አሁንም በሰው እጅ ነው፣ አሁንም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ግን ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጡ ኮሪደር ላይ አስቁሜ «ጌታዬ፣ እንዲህ ሆኖብኝ እኮ ነው» እላቸዋለሁ። ተቆጥተውም ቢሆን ይሰሙኛል። ማሽን የአጎት ልጅ የለውም እያልሁ ስመካ የዘነጋሁት ነገር ይህ ነበር። እናት ያልነበረው ነገር እናት ስትገባ ምን ብሎ ይወቃት? ቡና ቤት ውስጥ ያን ክርክሬን ትቻለሁ። ጓደኞቼ «ምነው ደሴ፣ ማሽንህ ከዳህ?» ሲሉኝ ወሬ እለውጣለሁ።

እናቴ ያን ሁዳዴ ጥጥ መፍተል ጀምራ ነበር። ለማን እንደሆነ ሳትናገር ክረምቱን ሁሉ ፈተለች፣ ለሸማኔ ሰጠች፣ መስከረም ላይ ጋቢው ተጠቅልሎ መጣ። ራህዋን አስጠራቻትና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ ጠርዙን እየጎተተች አስተካከለችላት።

«የምትሄጂበት አገር ብርድ ነው አሉ። በዚህ ላይ ልጂቱንም ታቅፊበታለሽ፤ ለሁለት ይበቃል ብዬ አስፍቼ ነው ያስሠራሁት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አደይ።»

«መቼ ነው የምትሄጂ?»

ራህዋ ወደ እኔ አልዞረችም። «ሲጠሩኝ» አለች።

ያን ቀን ጋቢዋን እንደለበሰች ወደ መጠለያው ተመለሰች። የዳባት ነፋስ ክፉ ነውና ለሁለት የተሠራውን ጋቢ ብቻዋን ደርባ ስትሄድ ከደጃፌ ሆኜ አየኋት። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ሰፋባት እንዴ?» አለችኝ።

«አልሰፋባትም፣ እምዬ» አልኋት።